22.4 ሊትር የጎጃም ደጋ ቁጥር አይደለም

ጅቡቲ ወደብ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር ተለክቶ ቢያዝ፣ ደብረ ማርቆስ ላይም እንዲሁ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢያዝ፣ ሁለቱ የሚሞሉት ቦታ እኩል ሆኖ ሳለ በውስጣቸው ያለው አየር ግን እኩል አይሆንም። በወደቡ የተያዘው፣ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን፣ ወደ 40 ሞል (ሞል የሞለኪውሎች ብዛት መቁጠሪያ ነው) ይደርሳል፤ በደብረ ማርቆስ የተያዘው ደግሞ ሙቀቱ 16 ዲግሪ ቢሆን 32 ሞል እንኳ አይሞላም። ከአምስት እጅ አንዱ ጎድሏል ማለት ነው። ይህን ያህል የሚጎድል ነገር በእህል ገበያ ቢያጋጥም ሻጭና ገዥ ዳኛ ፊት ይቆሙ ነበር። በጋዝ ላይ ሲሆን ግን ጉድለቱ ለዓይን ስለማይታይ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ያልፋል።

ጉዳዩን ዛሬ ማንሣት የሚያስፈልገው ጋዝ በጎጃም የዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ እየገባ በመሆኑ ነው። በገጠር ከከብት እበት ባዮጋዝ የሚያመነጩ ቤተሰቦች አሉ፤ በከተማ ቡታ ጋዝ የሚጠቀሙ ወጥ ቤቶች አሉ፤ በሆስፒታሎች የኦክስጅን ሲሊንደር የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። በሌላ በኩል የኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን ስለ ጋዝ ይዘት፣ ማለትም ስለሚይዘው ቦታ፣ እና ስለ መጠኑ ከሚማሩት ውስጥ ሳይረሱት የሚቀረው አንድ ቁጥር፣ ማለትም አንድ ሞል ጋዝ 22.4 ሊትር ቦታ ይይዛል የሚለው ነው። ቁጥሩ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን አብረውት የተነገሩት ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች ከተማሪው አእምሮ ቀድመው ይጠፉና ቁጥሩ ብቻውን ይቀራል፤ ብቻውን የቀረ ቁጥር ደግሞ ደብረ ማርቆስ ላይም፣ ባሕር ዳር ላይም፣ ጮቄ ተራራ ላይም ያሳስታል።

በቅድሚያ ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለውን፣ የአቮጋድሮ ሕግ የሚባለውን፣ ራሱን እንመልከት። የአንድ ጋዝ ሙቀትና ግፊት ሳይለወጡ ከቆዩ፣ ጋዙ የሚይዘው ቦታ ከቁሱ መጠን ጋር ቀጥተኛ ተመጣጣኝነት አለው፤ መጠኑ በእጥፍ ሲጨምር ይዘቱም በእጥፍ ይጨምራል፣ መጠኑ በግማሽ ሲቀንስ ይዘቱም በግማሽ ይቀንሳል። እዚህ ላይ መጠን የምንለው በሞል የሚቆጠረውን የሞለኪውሎች ብዛት ነው። አንድ ሞል 6.02214076 ሲባዛ በ10 ኃይል 23 ቅንጣቶችን የያዘ ነው፤ ይህ ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የመለኪያዎች ሥርዓት ቁርጥ ያለ ዋጋ ሆኖ ተደንግጓል።

በሕጉ ውስጥ እጅግ የሚያስደንቀው፣ በትምህርት ቤትም በቂ ጊዜ የማይሰጠው ነጥብ፣ የጋዙ ዓይነት ለውጥ አለማምጣቱ ነው። በጎጃም ገበያ አንድ ቁና ጤፍና አንድ ቁና ባቄላ ቢሰፈር፣ የጤፉ ፍሬ ከባቄላው ፍሬ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ማንም ያውቃል፤ ፍሬው ባነሰ መጠን በቁናው ውስጥ የሚገባው ቁጥር ይበዛልና። በጋዝ ግን እንዲህ አይደለም። እጅግ ቀላል የሆነው ሃይድሮጅንና ከእርሱ 22 ጊዜ የሚከብደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በአንድ ሙቀትና በአንድ ግፊት እኩል ሊትር ከተለኩ የሞለኪውላቸው ቁጥር እኩል ነው። ምክንያቱ በተለመደው የአየር ሁኔታ ጋዝ የያዘው ቦታ በአብዛኛው ባዶ መሆኑ ነው፤ ሞለኪውሎቹ ራሳቸው የሚሞሉት ከጠቅላላው ቦታ ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ የአንዱ ትልቅነት ወይም የሌላው ትንሽነት በልኬቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ቦታውን የሚያስከብረው እንቅስቃሴያቸው ነው። በአንድ ሙቀት ላይ ያሉ ሞለኪውሎች አማካይ የእንቅስቃሴ ኃይላቸው እኩል ነው፤ ከባዱ ዝግ ብሎ፣ ቀላሉ ፈጥኖ ይሄዳል፣ በመያዣው ግድግዳ ላይ የሚያሳርፉት ግፊትም የሚወሰነው በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ሆነው እንደሚገኙ ብቻ ነው።

ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1811 ያቀረበው የቱሪኑ ተወላጅ አሜዴዎ አቮጋድሮ ነው። ከእርሱ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ፈረንሳዊው ጌይ ሉሳክ ጋዞች እርስ በርስ ሲዋሐዱ ይዘቶቻቸው ሁልጊዜ በትንንሽ ሙሉ ቁጥሮች እንደሚዛመዱ አሳይቶ ነበር፤ ሁለት እጅ ሃይድሮጅን ከአንድ እጅ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ሁለት እጅ የውሃ ተን ይሰጣል። አቮጋድሮ ይህን ለማብራራት እኩል ይዘት እኩል ቁጥር ሞለኪውል ይይዛል አለ፤ በዚያውም የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ሞለኪውሎች እያንዳንዳቸው ከሁለት አተሞች የተሠሩ መሆን እንዳለባቸው ደመደመ። የዘመኑ ታላቅ ኬሚስት ጆን ዳልተን የጌይ ሉሳክን ግኝትም ሆነ አንድ ዓይነት አተሞች ይጣመራሉ የሚለውን አስተሳሰብ አልተቀበለም፤ የአቮጋድሮም ሐሳብ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሰሚ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1860 በጀርመን ካርልስሩ ከተማ በተደረገው የኬሚስቶች ጉባኤ ስታኒስላዎ ካኒዛሮ በድጋሚ አንሥቶ ሲከራከርለት ነው ሐሳቡ መንገድ የያዘው። አቮጋድሮ ግን ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1856፣ ዐርፎ ነበር።

አሁን ወደ 22.4 እንመለስ። ይህ ቁጥር የሚሠራው ሙቀቱ 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ግፊቱም 101.325 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም በባሕር ጠለል ላይ የሚገኘው አማካይ የአየር ግፊት ሲሆን ነው። ዓለም አቀፉ የኬሚስቶች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1982 የመነሻ ግፊቱን ወደ 100 ኪሎ ፓስካል ስላወረደው፣ በአዲሱ ድንጋጌ ቁጥሩ 22.7 ሊትር ሆኗል፤ ብዙ መጻሕፍት ግን አሁንም የቀድሞውን ያስተምራሉ። በየትኛውም ቢሄዱ ሁለቱም ሁኔታዎች በጎጃም ሰው በሚኖርበት ቦታ አይገኙም። 0 ዲግሪ የሚደረሰው በጮቄ ከፍታዎች የሌሊት ውርጭ ሲወርድ ነው፤ እዚያ ደግሞ ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ በእጅጉ ያንሳል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። የአንድ ሞል ይዘት የሚገኘው 8.314 በኬልቪን በተለካው ሙቀት (በሴንቲግሬዱ ላይ 273 ተደምሮ) ተባዝቶ፣ በኪሎ ፓስካል ለተለካው ግፊት ሲካፈል ነው፤ መልሱ በሊትር ይወጣል። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ነው፤ 16 ዲግሪ ማለት 289 ኬልቪን ስለሆነ አንድ ሞል ጋዝ 31.6 ሊትር ይይዛል። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ላይ 82 ኪሎ ፓስካል ገደማ ግፊት አላት፤ በ20 ዲግሪ አንድ ሞል 29.7 ሊትር ይሆናል። ከደጀን ቁልቁል ወርደን ከ1,000 ሜትር ብዙ በማይበልጠው የአባይ ሸለቆ ድልድይ ላይ ብንለካ፣ ግፊቱ ወደ 90 ኪሎ ፓስካል ከፍ ስለሚል፣ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ቢሆን እንኳ አንድ ሞል 28 ሊትር ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው የጮቄ ጫፍ ደግሞ፣ በ5 ዲግሪ ሙቀት፣ አንድ ሞል 37 ሊትር ያህል ይሰፋል። በአንዱ ጎጃም ውስጥ፣ በአንድ ቀን መንገድ፣ የአንድ ሞል ቦታ ከ28 ወደ 37 ሊትር ይለያያል፤ ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ወደ 22.4 አይጠጋም። ደጀን ላይ በደንብ የተከደነ ባዶ ሃይላንድ አባይ ድልድይ ሲደርስ ጎኑ ገብቶ የሚገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በውስጡ ያለው አየር አልጠፋም፣ የሚበቃው ቦታ ግን አንሷል።

ይህን ስሌት በራሱ ለመሞከር የሚነሣ ሰው ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ወጥመድ አለ። በስልክ ላይ ያሉ የአየር ሁኔታ መግለጫዎች ለደብረ ማርቆስ የአየር ግፊት 1,015 ወይም 1,020 ሄክቶ ፓስካል፣ ማለትም ከ101 ኪሎ ፓስካል በላይ፣ ብለው ሲጽፉ ይታያል። ይህ በከተማዋ ውስጥ በትክክል ያለው ግፊት አይደለም። የአየር ትንበያ ባለሙያዎች የተለያየ ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ለማነጻጸር እንዲመቻቸው ሁሉንም ወደ ባሕር ጠለል መልሰው ያሰሉታል፤ ያ ለእነርሱ ሥራ ተገቢ ነው፣ ለጋዝ ስሌት ግን አይሆንም። አንዳንድ ስልኮች በውስጣቸው የግፊት መለኪያ አላቸው፤ ያ መለኪያ የሚሰጠው ቁጥር፣ ምንም እርማት ካልተደረገበት፣ የቦታው ትክክለኛ ግፊት ነውና ወደ 760 ሄክቶ ፓስካል ሆኖ ይገኛል።

ጉዳዩ በክፍል ውስጥ ምን እንደሚያስከትል በአንድ ቀላል ሙከራ ማየት ይቻላል። 4.2 ግራም ቤኪንግ ሶዳ 0.05 ሞል ነው። በመቶ ሚሊ ሊትር አቸቶ ውስጥ ቢጨመር ሶዳው ሙሉ በሙሉ ይጠፋና 0.05 ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ጋዙም በቀጭን ቱቦ አልፎ፣ ውሃ ተሞልቶ በሳፋ ውስጥ በተገለበጠ የሁለት ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። 22.4ን የሸመደደ ተማሪ 1.12 ሊትር ይጠብቃል። በደብረ ማርቆስ ክፍል ውስጥ ግን ስሌቱ የሚሰጠው 1.58 ሊትር ነው። ከጋዙ ጥቂቱ በውሃው ውስጥ ስለሚሟሟ የተጠራቀመው ከዚህ ዝቅ ይላል፤ ከጋዙ ጋር የሚቀላቀለው የውሃ ተን ደግሞ በ16 ዲግሪ ወደ 1.8 ኪሎ ፓስካል ግፊት ስላለው ትንሽ ወደ ላይ ይገፋዋል። ቢሆንም ተማሪው ሥራውን በጥንቃቄ ከሠራ ውጤቱ ከ1.12 ሊትር በግልጽ ከፍ ብሎ ይገኛል። እንግዲህ መምህሩ በእጁ ያለውን መልስ ይዞ “ተሳስተሃል” ቢለው፣ የተሳሳተው የተማሪው ልኬት ሳይሆን የመልሱ ቅድመ ሁኔታ ነው። በዓይኑ ያየውንና በእጁ የለካውን ትቶ ለሌላ ቦታ የተጻፈን ቁጥር እንዲያምን የተገደደ ልጅ፣ ከኬሚስትሪ ይልቅ ዝምታን ይማራል። ይህ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ነው፤ ምክንያቱም ሙከራው የሚጠይቀው ዕቃ በማንኛውም የወረዳ ከተማ ሱቅ የሚገኝ ሲሆን፣ የሚያስተምረው ነገር ደግሞ የጋዝ ይዘት ከግፊት፣ ከሙቀትና ከመጠን ጋር ያለውን ዝምድና የሚገልጹትን የቦይልን፣ የቻርልስንና የአቮጋድሮን ሕጎች በአንድ ላይ ነው።

ከትምህርት ቤት ወጥተን ወደ ገበሬው ግቢ ስንሄድ ነገሩ ይበልጥ ይጠልቃል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም የአማራ ክልልን ጨምሮ ከመጀመሪያው በአራት ክልሎች ሲሠራ የቆየ ሲሆን፣ ለቤተሰብ የሚገነቡት የእበት ማብላያዎች በአብዛኛው ከመሬት በታች ሆነው ቋሚ ጉልላት ያላቸው፣ ስፋታቸውም በሜትር ኩብ የሚገለጽ ናቸው። በእነዚህ ማብላያዎች ውስጥ የሚመረተው ጋዝ ከግማሽ በላዩ ሚቴን፣ የቀረው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በመመሪያዎች ላይ አንድ ሜትር ኩብ ባዮጋዝ ከ20 እስከ 22 ሜጋ ጁል ሙቀት ይሰጣል ተብሎ ሲጻፍ፣ ያ ሜትር ኩብ የባሕር ጠለል ግፊትና የ0 ዲግሪ ሜትር ኩብ ነው፤ 44.6 ሞል ጋዝ ይይዛል። ከዚያ 60 በመቶው ሚቴን ቢሆንና እያንዳንዱ ሞል ሚቴን ሲቃጠል ወደ 802 ኪሎ ጁል ቢሰጥ፣ ድምሩ 21.5 ሜጋ ጁል ይመጣል። በደብረ ማርቆስ አየር የተለካ ሜትር ኩብ ግን 31.6 ሞል ብቻ ስለሆነ ሙቀቱ ወደ 15 ሜጋ ጁል ይወርዳል። በዚህ ልዩነት ምክንያት ለሦስት ሰዓት ይበቃል የተባለ ጋዝ ከሁለት ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ሊያልቅ ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን ቤተሰቡ ግንበኛውን፣ ግንበኛው ደግሞ እበቱን ይወቅሳል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ በውይይት ላይ ብዙ ጊዜ ተደባልቀው ይቀርባሉና። የደጋው ብርድ የሚያመጣው ችግር አንድ ነው፤ እበቱን የሚያብላሉት ረቂቃን ሕዋሳት በቅዝቃዜ ስለሚዳከሙ በቀን የሚያመርቱት የጋዝ መጠን፣ ማለትም ሞሉ ራሱ፣ ይቀንሳል። የሳሳው አየር የሚያመጣው ግን ከዚህ ይለያል። እርሱ የሞሉን ቁጥር አይነካም፤ ያው ሞል ሰፋ ያለ ቦታ እንዲይዝ ያደርገዋል። ስለዚህ በሊትር ብቻ የሚለካ ተመራማሪ ወይም የወረዳ ባለሙያ ሁለቱ ውጤቶች በተቃራኒ አቅጣጫ እየገፉ ስለሚሸፋፈኑለት፣ የደጋው ማብላያ ከቆላው ብዙም አላነሰም ብሎ ሊደመድም ይችላል፣ ምድጃው ላይ የተጣደው ድስት ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በደጋና በቆላ ያሉ ማብላያዎችን የሚያነጻጽር ጥናት ሁሉ ሊትሩን ወደ ሞል ወይም ወደ ኪሎ ግራም ሳይመልስ ድምዳሜ ላይ ባይደርስ መልካም ነው።

የጉልላቱ ነገር ደግሞ አለ። ቋሚ ጉልላት በስሙ እንደሚገልጸው አይሰፋም፤ ጋዝ ሲጠራቀም ዝቃጩን ወደ መውጫው ጉድጓድ እየገፋ ቦታ ያገኛል፣ የዝቃጩ ከፍታ ልዩነትም ግፊት ሆኖ ይመለስበታል። በቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው መለኪያ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ትርፍ ግፊት ብቻ ነው። መለኪያው 5 ኪሎ ፓስካል ቢል፣ በባሕር ጠለል ላይ ያለው ሙሉ ግፊት 106 ይሆናል፣ በደብረ ማርቆስ ግን 81 ነው። 1.5 ሜትር ኩብ የጋዝ ቦታ ያለው ጉልላት፣ በእኩል ሙቀትና መርፌው እኩል ቁጥር እያሳየ፣ በባሕር ጠለል 66 ሞል ሲይዝ በደብረ ማርቆስ የሚይዘው 51 ሞል ያህል ነው። ለሌሊቱ የሚጠራቀመውና ለጠዋት ቁርስ የሚውለው ጋዝ በዚህ ልክ ስለሚያንስ፣ ለደጋ የሚሠራ ማብላያ የጋዝ ማጠራቀሚያው ከመደበኛው ንድፍ ሰፋ ብሎ ቢሠራ ምክንያታዊ ይመስለኛል።

በዚህ ሁሉ መካከል ሳይለወጥ የሚቀር አንድ ነገር ቢኖር የጋዞቹ ተነጻጻሪ ይዘት ነው። አንድ እጅ ሚቴን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል ሁለት እጅ ኦክስጅን፣ ማለትም ወደ 9.5 እጅ አየር፣ ይፈልጋል፤ ይህ በጅቡቲም በጮቄም ያው ነው፤ ሚቴኑም አየሩም በእኩል ስለሚሳሱ። ስለዚህ የምድጃው የአየርና የጋዝ ምጥጥን ከቦታ ቦታ አይቀየርም፤ የሚቀየረው በሰዓት ከሚፈሰው ሊትር የሚገኘው ሙቀት ነው። እንጀራን የመሰለ ኃይለኛ ሙቀት የሚፈልግ ሥራ በባዮጋዝ ለመሥራት የሚደረገው ጥረት በደጋ ይበልጥ እንዲከብድ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱም ይህ ነው። በዳቦ ላይ ደግሞ ነገሩ በተገላቢጦሽ ይታያል፤ እርሾው የሚያወጣው ያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደጋ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ ሊጡን ይበልጥ ያነፋዋል፣ ከቆላ የመጣ ልኬት በደጋ ሲሠራበትም ሊጡ ከሚፈለገው በላይ ኩፍ ይላል።

ስለ ሲሊንደር የሚባለው አጠር ያለ ነው፣ ክብደቱ ግን ቀላል አይደለም። የኦክስጅን ሲሊንደር ውስጥ ያለው ነገር ጋዝ ነው፤ ቦታው ስለማይለወጥ፣ መጠኑ ሲቀንስ ግፊቱ አብሮ ይቀንሳል፣ የሙቀቱ ለውጥ ትንሽ እስከሆነ ድረስም መርፌው ግማሽ ላይ ሲደርስ ኦክስጅኑ ግማሽ ያህል ቀርቷል ብሎ ማመን ይቻላል። የቡታ ጋዝ ሲሊንደር ግን በውስጡ ፈሳሽ አለው። ከላይ ያለው ጋዝ ሲወጣ ፈሳሹ እየተነነ ስለሚተካው፣ ፈሳሹ እስኪያልቅ ድረስ ግፊቱ በሙቀቱ እንጂ በቀረው መጠን አይወሰንም፤ ስለዚህ ስንት እንደቀረ የሚያውቀው ሚዛን ብቻ ነው። ቡታ ጋዝ በኪሎ ግራም መሸጡ ለገዥው የተመቸ ነገር ነው፤ ከቆላ ወደ ደጋ ሲጓዝ ጋዙ ከሲሊንደሩ ሲወጣ የሚይዘው ቦታ ቢለወጥም ኪሎው አይለወጥምና። የባዮጋዝ ምርት በሜትር ኩብ በሚመዘገብበት ቦታ ሁሉ ሙቀቱና ግፊቱ አብረው ቢጻፉ ተመሳሳይ እርግጠኝነት ይገኝ ነበር።

ይዘት ብቻውን ምን ያህል ትንሽ እንደሚናገር ለማየት ከሆስፒታሉ ሲሊንደር የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር (አንድ ባር 100 ኪሎ ፓስካል ነው) ተሞልቶ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ በውስጡ ወደ 250 ሞል፣ በክብደት ወደ 8 ኪሎ ግራም ኦክስጅን ይኖረዋል። በበሽተኛው አጠገብ ቆሞ መርፌው ዜሮ ላይ ሲወድቅም ሲሊንደሩ ያው 40 ሊትር ኦክስጅን እንደያዘ ነው፤ ያ 40 ሊትር ግን ግፊቱ ከውጭው አየር ጋር የተስተካከለ፣ 1.3 ሞል ያህል፣ ማለትም 40 ግራም ብቻ ነው፤ ከዚያም ወደ በሽተኛው የሚፈስ ነገር የለም።